ጂሚ ዋይልድ፦ ከከሰል ጉድጓድ የወጣው ትንሹ ቦክሰኛ

ብዙዎቻችን ቦክሰኛ ሲባል ግዙፍ ሰው ይታየናል። ጂሚ ዋይልድ ግን ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 የማይሞላ፣ ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ49 ኪሎ በታች የነበረ ሰው ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1892 በዌልስ ሲሆን፣ ያደገው ታይለርስታውን በምትባል የከሰል መንደር ነው። የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ስለነበር እሱም ገና በልጅነቱ ጉድጓድ ወረደ። ትልልቅ ሰዎች በማይገቡበት ጠባብ ቦታ እየተሳበ ከሰል ይቆፍር ነበር። ይህ ከባድ ሥራ ክንዱንና ትከሻውን አጠነከረለት። ቦክስ ያስተማረው የሚስቱ አባት ነው። ከዚያም በየገበያው በሚተከሉ የቦክስ ድንኳኖች ውስጥ ከእሱ እጅግ ከሚከብዱ ሰዎች ጋር እየተጋጠመ እንጀራውን አበሰለ።

ቀጭኑ ልጅ ከባዶቹን እንዴት አሸነፈ? እጆቹን ዝቅ አድርጎ ይወዛወዛል፤ ተቃራኒው ሰንዝሮ ሲስት እሱ በፍጥነት ይመታል። የቡጢ ኃይል ከክብደት ብቻ አይመጣም፤ ከፍጥነት፣ ከእግር አቋቋምና ጊዜን ከማወቅም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1916 የፍላይዌት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የዚህ ምድብ ጣሪያ 50.8 ኪሎ ገደማ ነው፤ እሱ ግን ለዚያም ቀላል ነበር።

ነገር ግን ብልሃትም ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በጥር 1921 ለንደን ውስጥ ከእሱ ከሚከብደው አሜሪካዊ ፒት ሄርማን ጋር ተጋጠመ። በክብደቱ ልዩነት የተነሳ አልገጥምም ሊል ነበር ይባላል፤ የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ ስለነበር እሺ አለ። በ17ኛው ዙር ክፉኛ ተመትቶ ውድድሩ ቆመ። ከባድ ሰው ሲመታ ብቻ ሳይሆን ሲደገፍና ሲገፋም ቀላሉን ያደክማል፤ የተመታውንም በቀላሉ ይችላል። የክብደት ምድብ የተሠራው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1923 ኒው ዮርክ ላይ ፓንቾ ቪላ የተባለ የፊሊፒንስ ወጣት በ7ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈው። ቪላ የምድቡ እኩያ ነበር። የ31 ዓመቱን ዋይልድ የረቱት ዕድሜና ከሁለት ዓመት በላይ ከውድድር መራቁ ናቸው። ከዚያ በኋላ ጓንቱን ሰቀለ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ካርዲፍ ውስጥ አረፈ።

ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ማንንም በቁመቱ አንናቅ። ሁለተኛ፣ ትንሹን ከትልቁ ጋር አጋጥመን ድፍረቱን አናጨብጭብ። ዋይልድን ታላቅ ያደረገው ትንሽነቱን በሥራና በጥበብ መጠቀሙ ነው፤ ክፉኛ የጎዳው ደግሞ ሰው እየጠበቀው ስለነበር እምቢ ማለት ያቃተው ቀን ነው። ወላጆችና መምህራንም ልጆች እምቢ ሲሉ እንዲሰሟቸው አደራ እንላለን።