ይድነቃቸው ተሰማና የአራዳው ጊዮርጊስ

ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲሸነፍ እራት የማይበላ ጓደኛ ሞልቶናል፤ አቶ ይድነቃቸውን ግን የምናውቃቸው በስም ብቻ ነው።

የባለቅኔው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። የአራዳ ልጆች በ1928 ዓ.ም. ላቆሙት ቡድን 23 ዓመት ተጫወቱ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጠላት ዘመን ስለ ነበሩ ፋሽስት ጥቁሩንና ነጩን በኳስ ሜዳ ሳይቀር ለያይቶ ያጫውት ነበር።

ይህን ያዩ ሰው ናቸው እንግዲህ፣ በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑት። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ብላ ከመጀመሪያው ዋንጫ ቀረች። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 የረታውን ቡድናችንንም አሠልጥነዋል፤ ለእኛ ግን ከዋንጫው ያ እምቢታ ይበልጥብናል።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሬዚዳንት ሲሆኑም ለአፓርታይድ በር አልከፈቱም። በ1979 ዓ.ም. ነሐሴ ዐረፉ፤ ደቡብ አፍሪካ የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ነው።