እናት ጽንሷን ለምን አትገፋም? የሰር ፒተር ሜዳዋር ጥያቄ

ከሌላ ሰው የተወሰደ ቆዳ ሰውነታችን ላይ ቢተከል ብዙም ሳይቆይ ይረግፋል። የበሽታ መከላከያ ህዋሳት ባዕድ መሆኑን ለይተው ያጠቁታልና ነው። ጽንስ ግን ግማሽ ዘረመሉ የአባቱ ሆኖ ሳለ በእናቱ ማህፀን ዘጠኝ ወር ያድጋል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ጥርት ባለ መልኩ የጠየቁት ሰር ፒተር ሜዳዋር ናቸው።

ሜዳዋር እ.ኤ.አ. በ1915 በብራዚል ከሊባኖሳዊ አባትና ከእንግሊዛዊት እናት ተወለዱ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ተማሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በእሳት የተቃጠሉ ሰዎችን ለመርዳት የቆዳ ንቅለ ተከላን ማጥናት ጀመሩ። በግላስጎው ከቀዶ ሐኪሙ ቶማስ ጊብሰን ጋር ሆነው አንዲት የተቃጠለች ሴት ከወንድሟ የተወሰደ ቆዳ ሲተከልላት ተከታተሉ። ለሁለተኛ ጊዜ የተተከለው ከመጀመሪያው ፈጥኖ ረገፈ። ሰውነት ባዕዱን እንደሚያስታውስ ያሳየው ይህ ጥናት በ1943 ታተመ።

በ1953 ደግሞ የእርግዝናን እንቆቅልሽ አነሱ። ሦስት መላ ምቶችንም አቀረቡ፦ የእናትና የጽንስ ሰውነት የተለያየ መሆኑ፣ የጽንሱ መለያዎች ገና አለመዳበራቸው፣ ወይም የእናት መከላከያ መዳከሙ። የሰውነትን ባዕድ የመቀበል ችሎታ በተመለከተ ላደረጉት ምርምር በ1960 ከፍራንክ ማክፋርሌን በርኔት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1969 ስትሮክ ቢመታቸውም ሥራቸውን አላቆሙም። በ1987 አረፉ።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የእናት መከላከያ እንደማይተኛ አረጋገጡ። ሽሉ በሚጣበቅበት ወቅት የማህፀን ግድግዳ በተፈጥሮ ገዳይ ህዋሳት ይሞላል። ስማቸው ቢያስፈራም በማህፀን ውስጥ ዋና ተግባራቸው መግደል አይደለም፤ ወደ እንግዴ ልጁ ደም የሚያደርሱት የደም ሥሮች እንዲሰፉ ያግዛሉ። የእነዚህ ህዋሳት መብዛትና መብሰል በፕሮጄስትሮን ሆርሞን ላይ የተመሠረተ ነው። ሆርሞኑ የማህፀንን ግድግዳ ያዘጋጃል፤ ግድግዳውም ህዋሳቱን የሚያሳድጉ መልእክቶችን ይልካል።

ስለዚህ ሆርሞን የሚያግዱ መድኃኒቶች የሚነኩት ሆርሞኑን ብቻ አይደለም። ሚፌፕሪስቶን የፕሮጄስትሮንን መልእክት ሲዘጋ የማህፀን ግድግዳ ይፈርሳል፤ በዚያ ያሉት የመከላከያ ህዋሳት ሥርዓትም ይናጋል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ታሞክሲፌን ኢስትሮጅንን የሚያግድ ሲሆን ጽንስን ሊጎዳ ይችላል። በመሆኑም በሕክምናው ወቅት ማርገዝ አይመከርም።

ውድ አንባቢያን፣ ማርገዝ የምታስብ ሴት የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ አስቀድማ ለሐኪሟ ልትነግር ይገባል። ታሞክሲፌንን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ካንሰሩ እንዲመለስ ሊያደርግ ስለሚችል፣ መቼ እንደሚቆምና ከዚያ በኋላ ምን ያህል መቆየት እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ሐኪም ነው። ጽንስ በተደጋጋሚ የሚወርድባቸው ጥንዶችም በደም ውስጥ ያሉ ገዳይ ህዋሳትን በማስቆጠር ብቻ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ለመጀመር አይቸኩሉ፤ በደም ውስጥ ያሉት በማህፀን ካሉት ይለያሉ።

ጽንስ የወረደባት እናትም የገዛ ሰውነቷ ልጇን እንደገፋ አድርጋ ራሷን አትውቀስ። ሜዳዋር የጀመሩት ጥያቄ ያደረሰን እውነት፣ የእናት መከላከያ ህዋሳት ለጽንሱ አጋዥ መሆናቸውን ነው።