አባ ጎርጎርዮስና ሰባቱ የዐማርኛ ፊደላት

በጣና ዳር፣ በጎርጎራ፣ ደብረ ሲና ማርያምን የተሳለመ ምእመን በዚያው አገር ስላለው የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን የድንጋይና የኖራ ፍርስራሽ ሳይሰማ አይመለስም። ዐፄ ሱስንዮስ ስፍራውን ለእነ ፔድሮ ፓኤዝ በሰጡበት ዘመን የሃይማኖቱ ክርክር ከሊቃውንት ጉባኤ አልፎ ወደ ሕዝቡ ስለ ወረደ፣ ትምህርትን በዐማርኛ መጻፍ እየበዛ ሄደ። (ዘመኑን በዚህ ጽሑፍ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እናስቀምጣለን።)

አባ ጎርጎርዮስ የዚህ ዘመን ሰው ናቸው፤ ትውልዳቸውም በዐማራ በመካነ ሥላሴ ነው። በክርክሩ ጊዜ ወደ ካቶሊኮች ወገን ገቡ፤ የእናት ቤተ ክርስቲያናቸውን መንገድ መተዋቸውንም አንሸሽግም። ዐፄ ፋሲለደስ በ1632 ነግሠው ሚስዮናውያኑን ካስወጡ በኋላ እርሳቸውም ተሰደው ሮማ ደረሱ። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ በዚያ አገኛቸው፤ በ1652ም የጎታው መስፍን ኤርንስት ወደ ቤተ መንግሥቱ አስጠራቸው።

በጎታ የተደረገው ነገር እጅግ ያስደንቀናል። ዐማርኛ ከግእዝ 26 ፊደላት ሌላ ሰባት አሉት፤ እነርሱም ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ ናቸው። አባቶቻችን እነዚህን ሲያበጁ ባዕድ መልክ አልፈለጉም፤ በሰ ላይ ጥቂት ምልክት ጨምረው ሸን፣ በዘ ላይ ጨምረው ዠን አወጡ። ሩስያውያንም ለትናንሽ ሕዝቦች ቋንቋ በስላቭ ፊደል ላይ ጭረት እየጨመሩ እንዲሁ አድርገዋል፤ በእኛም ዘንድ ለኦሮምኛ ዸ፣ ለብሌን ጘ በኋላ ዘመን በዚሁ መንገድ ተገኝተዋል። ነገር ግን መልኩን ማየት ድምፁን ማወቅ አይደለም። ዠ የሚገባበት ቃል ጥቂት ነው፤ ዠን ከጀ የሚለይ ጆሮ ከብራና አይገኝምና፣ ሉዶልፍ ዐማርኛን ከአባ ጎርጎርዮስ አፍ ተማረ። ስሕተታቸውን ለእግዚአብሔር ፍርድ ትተን፣ ይህን ሥራቸውን ከእርሳቸው ጋራ ለምን እንቀብራለን?

 በ1658 ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲጓዙ መርከባቸው በሶርያ ጠረፍ፣ በእስክንድሮና አጠገብ ተሰብሮ ሰጠሙ። የሉዶልፍ የግእዝ ሰዋስው እንኳ የታተመው በ1661 ነው። የዐማርኛው ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ ሰባቱን ፊደላት ይዞ፣ በ1698 በፍራንክፈርት ሲወጣ አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር።