ሙሴ ኢልግ፣ ባቡሩ እና የሼር ጣጣ

እዚህ ደራ፣ ጓደኛሞች ተሰባስበው ወፍጮ ቤት ወይም ሱቅ በጋራ ስለመግዛት ሲመክሩ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። የጎደለውን ብር ኢንቨስተር ይሞላዋል ይባላል። እኔ ይሄን ስሰማ ትዝ የሚለኝ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ነው። በአዳማ የሚያልፈውን የድሮ የባቡር ሐዲድ ያስጀመረው እሱ ነውና።

ኢልግ በ1854 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ስዊዘርላንድ ተወለደ። ዙሪክ ምህንድስና ተማረና በ1879 ምኒልክ ዘንድ መጣ። ያኔ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። ድልድይ ሠራ፣ ለቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ አስገባ፣ ኋላም የመንግሥት አማካሪ ሆነ።

በ1894 ምኒልክ ከጅቡቲ የሚነሳ የባቡር መስመር ለ99 ዓመት ፈቀዱለት። ፈቃድ ግን ወረቀት ነው፤ ሐዲድ የሚገዛው በገንዘብ ነው። ስለዚህ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሸፍኖ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ ሼር መሸጥ ጀመረ። የፈረንሳይ ባለሀብት ግን ገንዘቡን ለማውጣት አመነታ። ሥራው በ1897 ቢጀመርም ካዝናው ቶሎ ተራቆተ።

ጣጣው የመጣው እዚህ ጋ ነው። የእንግሊዝ ባለሀብቶች ሼር እየገዙ ገቡ። ፈረንሳይ ደግሞ መስመሩ ከእጇ እንዳይወጣ በ1902 ከኩባንያው ጋር ተዋውላ በዓመት 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ልትደጉም ተስማማች። ምኒልክን ማንም አላማከራቸውም። ለአንድ ሰው የሰጡት ፈቃድ የሁለት መንግሥታት መሻሚያ ሆነ፤ በጣም ተቆጡ።

ባቡሩ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደርሶ ለዓመታት ቆመ። ኩባንያው ከሰረና በ1908 ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ሥራውን ተረከበ። ኢልግ በ1907 ከምኒልክ አገልግሎት ለቀቀ፤ በ1916 ዙሪክ ውስጥ አረፈ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ እሱ አላየውም።

ኢልግ ሥራውን ያውቅ ነበር፤ ያልያዘው የባለሼሮቹን ነገር ነው። እናንተም ብር ከማዋጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር በውል አስፍሩ፦ ባለድርሻ ሼሩን ለሌላ መሸጥ ሲፈልግ ቅድሚያ የሚያገኘው ማን ነው? ገንዘብ ሲያጥር ማን ይጨምራል? ውሳኔውስ የማን ነው? ይሄ ካልተጻፈ ወፍጮ ቤቱን እናንተ ትገዙታላችሁ፣ ቁልፉን ግን ሌላ ሰው ይይዘዋል።