ሳም ኩክ፦ ድምፃዊም የሸክላ አሳታሚም

አሜሪካዊው ሳም ኩክ «ዩ ሴንድ ሚ» የተሰኘውን ዘፈኑን እ.ኤ.አ. በ1957 ሲያወጣ በሸክላው ላይ በደራሲነት የሰፈረው የወንድሙ የኤል ሲ ስም ነበር። ደራሲው ግን ራሱ ሳም ነው። ለቀድሞ አሳታሚው ውል ስለነበረበት የድርሰቱ ገቢ ወደዚያ እንዳይሄድ ያደረገው ዘዴ ነበር። ዘፈኑ በፖፕም በሪትም ኤንድ ብሉዝም ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ።

ሳም በ1931 በሚሲሲፒ፣ ክላርክስዴል ተወልዶ ቺካጎ አደገ። አባቱ ሰባኪ ነበሩ። 20 ዓመት ሳይሞላው «ሶል ስተረርስ» የተባለውን ስመ ጥር የመዝሙር ቡድን ተቀላቀለ። ወደ ዓለማዊ ዘፈን መሻገሩ ብዙ ምዕመናንን አስቀይሟል።

«ኪን» ከተባለው አሳታሚው ጋር በክፍያ ተጣልቶ በ1960 ወደ አርሲኤ ሄደ። ከዚያ በፊት ግን ከመዝሙር ዘመን ወዳጁ ከጄ ደብሊው አሌክሳንደር ጋር «ካግስ» የተባለ የድርሰት መብት ድርጅት ይዞ ነበር። ሮይ ክሬን ሲጨመር ደግሞ «ሳር ሬከርድስ» ተመሠረተ፤ ስያሜው የሦስቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። አንድ ጥቁር ድምፃዊ የሸክላ ማሳተሚያም የድርሰት መብትም ባለቤት መሆኑ በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር።

ሳም ለሌሎች ድምፃውያን ሥራ ጊዜውን አይሰስትም። ከክሊቭላንድ የመጡትን አምስቱን የዎማክ ወንድማማቾች በመዝሙር ተቀብሎ «ቫለንቲኖስ» በሚል ስም ወደ ዓለማዊ ዘፈን አሻገራቸው። አባታቸው ክፉኛ ተቆጡ። በ1964 ቫለንቲኖሶች ያወጡትን «ኢትስ ኦል ኦቨር ናው» የተባለውን ዘፈን እንግሊዞቹ ሮሊንግ ስቶንስ ወዲያው ደግመው ተጫወቱት፤ በአገራቸውም የመጀመሪያው አንደኛ የወጣ ዘፈናቸው ሆነ። ወጣቱ ቦቢ ዎማክ ዘፈኔን ወሰዱብኝ ብሎ ተናደደ። ሳም ግን የድርሰት መብት ምን እንደሚያስገኝ ያውቅ ነበርና አረጋጋው። ክፍያው ሲመጣ ቦቢም ንዴቱን ረሳው።

ነገሩ የተበላሸው እንዲህ ጠንቃቃ በሆነው ሰው በራሱ ጉዳይ ነው። በ1963 አለን ክላይን የተባለ የሒሳብ ሰው ሥራ አስኪያጁ ሆነ። ክላይን ከአርሲኤ ዳጎስ ያለ ውል አስገኘለት፤ ለዚህም በሳም ልጅ ስም «ትሬሲ» የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ። ሳም ኩባንያው የራሱ ይመስለው ነበር። በሰነዱ ላይ ግን ባለቤቱ ክላይን ነው።

ታኅሣሥ 11 ቀን 1964 ሳም በሎስ አንጀለስ አንድ ሞቴል ውስጥ በሥራ አስኪያጇ ጥይት ተገደለ። ዕድሜው 33 ነበር። የአስከሬን ምርመራ ችሎቱ ራስን ለመከላከል የተፈጸመ ነው ቢልም ቤተሰቡ አልተቀበለውም። ሳር ሬከርድስ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። የካግስ መብቶችም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ቆይተው የክላይን ኩባንያ «አብኮ» ንብረት ሆኑ።