ሄ ሉቲንግና የእረኛው ዋሽንት

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ፒያኖ ምን አገባው የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት ነገሩ እኛንም እንደሚመለከት ታዩታላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሄ ሉቲንግ በ1903 በቻይና ሁናን ክፍለ ሀገር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በ1927 በጓንግዡ ከተማ በተነሳው የኮሚኒስቶች አመጽ ተሳትፏል። ሻንግሃይ ወደሚገኘው ብሔራዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ዕድሜው ወደ ሠላሳ እየተጠጋ ነበር። ቅንብር ያስተማረው ሁዋንግ ዚ አሜሪካ ተምሮ የተመለሰ ሰው ሲሆን፣ የሚገርመው መምህሩ ከተማሪው በዕድሜ ያንሳል።

በ1934 አሌክሳንደር ቸረፕኒን የሚባል ሩሲያዊ የሙዚቃ ደራሲ ቻይና መጥቶ ውድድር አዘጋጀ። የፈለገው በቻይናውያን የተደረሰና የቻይና ጠባይ ያለው የፒያኖ ሥራ ነበር። ሄ ሉቲንግ በጎሽ ጠባቂ ልጅ ዋሽንት የተሰየመ አጭር ሥራ አቀረበና አንደኛ ወጣ። ቸረፕኒንም ሥራውን ቶኪዮ ላይ አሳተመው፤ ውጭ ሀገርም ይዞት ዞረ።

ታዲያ ይህ ሥራ ምኑ ነው ልዩ? የቻይና ሕዝብ ዜማ በብዛት በአምስት ድምፅ ላይ የተመሠረተ ነው። (ከኛው ሜጀር ትዝታ ጋር የሚገጥም ቅኝት ስላለው፣ ሥራውን መጀመሪያ ስሰማው ባዳ አልሆነብኝም።) የአውሮፓ ሙዚቃ ደግሞ ሦስትና አራት ድምፅ ደራርቦ በአንድ ጊዜ ያሰማል፤ አንዱን ድምፅ ወደ ሌላው የሚስበውም በመካከላቸው ያለው የግማሽ ድምፅ ርቀት ነው። በአምስቱ ድምፅ ውስጥ ይህ ግማሽ ድምፅ የለም። እናም የቻይና ዜማ ወስዶ ከሥሩ የአውሮፓን ኮርድ መደርደር እረኛን ሱፍ እንደማልበስ ነው፤ ልብሱ ያምራል፣ ልጁ ግን አይራመድበትም።

ሄ ሉቲንግ ኮርዱን ተወውና ከባህ የሁለት ድምፅ አጻጻፉን ብቻ ወሰደ። በመጀመሪያው ክፍል ግራ እጅ አጃቢ አይደለም፤ የራሱ ዜማ አለው። ቀኝ እጅ አንድ ድምፅ ይዞ ሲቆይ ግራው ይንቀሳቀሳል፣ ግራው ሲያርፍ ቀኙ ይቀጥላል። ሁለት እረኞች ከወንዝ ማዶና ማዶ ሆነው የሚቀባበሉ ነው የሚመስለው። መሐሉ ላይ ፈጠን ያለ ጭፈራ ይገባል፤ ከዚያ የመጀመሪያው ዜማ በዋሽንት ዓይነት ጌጥ ተውቦ ይመለሳል። በቃ፣ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ፊልም ሙዚቃ ገባ። በ1937 ለወጣ አንድ የሻንግሃይ ፊልም የሱጆውን ሕዝብ ዜማ መሠረት አድርጎ የሠራቸውን ዘፈኖች ዡ ሹዋን ዘፍናቸው ታዋቂ ሆነዋል። ከ1949 ጀምሮ ደግሞ የሻንግሃይ ሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ ኃላፊ ሆነ።

የኛ ጉዳይ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1963 ያዎ ዌንዩዋን የሚባል ጸሐፊ ዌንሁይ በተባለው የሻንግሃይ ጋዜጣ ላይ ፈረንሳዊውን የሙዚቃ ደራሲ ደቡሲን የሚያጥላላ ጽሑፍ አወጣ። ሄ ሉቲንግ እዚያው ጋዜጣ ላይ በብዕር ስም መልስ ጻፈ። የመልሱ ፍሬ ነገር፣ ሰው ስለማያውቀው ሙዚቃ እንዲህ አፉን ሞልቶ መፍረድ የለበትም የሚል ነበር። እኔ በበኩሌ ለማንኛውም የኪነ ጥበብ ዘጋቢ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላየሁም። ችግሩ ግን ያዎ ተራ ጸሐፊ ሆኖ አልቀረም። በ1965 እዚያው ጋዜጣ ላይ ያወጣው ሌላ ሂስ ለባህል አብዮቱ መነሻ ሆነ፤ ሰውየውም ከአገሪቱ ባለሥልጣናት አንዱ ለመሆን በቃ።

ሄ ሉቲንግን ያዙት። ሴት ልጁ በዚያ መከራ መካከል በ1968 ራሷን አጠፋች። በዚያው ዓመት እሱን በቴሌቪዥን ቀጥታ ስርጭት ሕዝብ ፊት አቅርበው ሊያዋርዱት ሞከሩ። ጥፋቱን አምኖ አንገቱን ይደፋል ብለው ሲጠብቁ፣ እሱ ግን ክሱ ሁሉ ሐሰት መሆኑንና ውሸታሞቹ ሊያፍሩ እንደሚገባ በካሜራው ፊት ጮኾ ተናገረ። ስርጭቱ ተቋረጠ። እስቲ አስቡት፣ በዚያች ሰዓት መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ባለሙያ እኛ ብንሆንስ?

ከእስር የወጣው በ1973 ነው፤ ስሙ ሙሉ በሙሉ የጸዳው ግን ባህል አብዮቱ ካበቃ በኋላ ነበር። ያዎ ዌንዩዋን በበኩሉ በ1981 የሃያ ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሄ ሉቲንግ ወደ ኮንሰርቫቶሪው ኃላፊነት ተመልሶ ሠራ፤ በ1999 በዘጠና አምስት ዓመቱ ሻንግሃይ ውስጥ አረፈ። የእረኛው ዋሽንትን የቻይና ፒያኖ ተማሪዎች አሁንም ያጠኑታል።