ዊሊያም ባንቲንግ

ዊሊያም ባንቲንግ (እ.ኤ.አ. 1796 – ማርች 16 ቀን 1878) በለንደን ከተማ የኖሩ የቀብር ሥነ ሥርዓት አዘጋጅ ነበሩ። ስማቸው የሚታወሰው ግን በሙያቸው ሳይሆን በሰውነታቸው ውፍረት ምክንያት ነው። በ66 ዓመታቸው ገደማ ዳቦ፣ ስኳር፣ ድንችና ቢራ ትተው ክብደታቸውን በአንድ ዓመት ውስጥ ከ20 ኪሎ በላይ ቀነሱ። ያደረጉትንም በ1863 በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጽፈው በራሳቸው ወጪ አሳትመው አደሉ። መጽሐፏ ካርቦሃይድሬት በመቀነስ ክብደት ለመቀነስ ለብዙ አንባቢ የቀረበች የመጀመሪያዋ ታዋቂ መመሪያ ተደርጋ ትቆጠራለች። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ኢንሱሊንን ካገኙት ሐኪሞች አንዱ ከሆኑት ከካናዳዊው ፍሬድሪክ ባንቲንግ ጋር መምታታት የለባቸውም።

ሥራቸው

የባንቲንግ ቤተሰብ በለንደን ሴንት ጄምስ መንገድ ላይ የታወቀ የቀብር ሥነ ሥርዓት አዘጋጅ ድርጅት ነበረው። ድርጅቱ የእንግሊዝ ነገሥታትን ቀብር ያዘጋጅ ነበር፤ በ1820 የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛን፣ በ1830 የጆርጅ አራተኛን፣ በ1852 ናፖሊዮንን ድል ያደረጉትን የዌሊንግተን መስፍንን፣ በ1861 ደግሞ የንግሥት ቪክቶሪያን ባለቤት የልዑል አልበርትን ቀብር አስፈጽሟል። ቪክቶሪያ ራሳቸው በ1901 ሲሞቱም ቀብራቸውን ያዘጋጀው ይኸው ቤት ነው። ዊሊያም ለ50 ዓመታት ያህል በንግድ ሥራ ከቆዩ በኋላ በ60ዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ ገደማ ጡረታ ወጡ።

ሕመማቸው

ባንቲንግ ከወፍራም ቤተሰብ አልተወለዱም፤ በአባታቸውም በእናታቸውም ወገን ውፍረት አልነበረም። መወፈር የጀመሩት በ30ና በ40 ዓመት መካከል ነው። ሰነፍ ወይም ሆዳም እንዳልነበሩ በመጽሐፋቸው አጥብቀው ይናገራሉ። ያማከሩት ሐኪም ጠዋት ጠዋት እንቅስቃሴ ማድረግ ይጠቅማል ስላላቸው በየማለዳው ለሁለት ሰዓት ጀልባ ይቀዝፉ ጀመር። ጡንቻቸው ጠነከረ፤ ነገር ግን የምግብ ፍላጎታቸውም አብሮ ጨመረና ክብደታቸው ጭራሽ ባሰበት። ከዚያ በኋላ በፈረስ መጋለብን፣ በባሕር መዋኘትን፣ በእንፋሎት መታጠብን ሞከሩ። በኢትዮጵያ ሰው ወደ ፍል ውኃ እንደሚሄደው ሁሉ እሳቸውም ሌሚንግተን፣ ቼልተናምና ሃሮጌት ወደሚባሉት ታዋቂ የማዕድን ውኃ ከተሞች ተመላለሱ። መድኃኒትም ዋጡ። በ30 ዓመት ውስጥ ብዙ ሐኪሞችን ቢያዩም አንዱም ዘላቂ መፍትሔ አልሰጣቸውም።

በ1862 ክረምት ላይ ቁመታቸው 165 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደታቸው 202 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 92 ኪሎ ነበር። ይህ ቁጥር ለዛሬ አንባቢ እጅግ የከፋ ላይመስል ይችላል፤ ኑሯቸውን ግን አክብዶባቸው ነበር። የጫማቸውን ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ ማለት አይችሉም። ጉልበታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው እንዳይጎዳ ደረጃ የሚወርዱት ወደኋላ ዞረው፣ ቀስ እያሉ ነበር። ትንሽ ሲራመዱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ እምብርታቸው አካባቢ ሄርኒያ ስለነበረባቸው ሆዳቸውን በመታጠቂያ ደግፈው ይሄዱ ነበር። ዓይናቸውና ጆሯቸውም መድከም ጀመረ።

ከአካላዊ ሕመሙ ባልተናነሰ የጎዳቸው ግን የሰው አፍ ነው። በአደባባይና በሕዝብ ማመላለሻ ሰረገላ ላይ ስለ ሰውነታቸው የሚሰነዘረው ፌዝ እየከበዳቸው ስለሄደ ሰው ከሚበዛበት ቦታ መራቅ ጀመሩ። የለንደንን ታላላቅ ሰዎች በክብር የሸኘ ቤት ባለቤት የነበሩ አዛውንት መንገደኛ እንዳይስቅባቸው ቤት መዋል መረጡ። ኋላ መጽሐፉን ሲጽፉ ለሐኪሞች ሳይሆን እንደሳቸው ለሚያፍሩ ሰዎች የጻፉበት ምክንያት እዚህ ላይ የሚገኝ ይመስላል።

ዶክተር ሃርቪና አዲሱ ማዕድ

መፍትሔው የመጣው ባልተጠበቀ በኩል ነው። ባንቲንግ ጆሯቸውን ለመታከም ወደ ዊሊያም ሃርቪ ሄዱ። ሃርቪ የጆሮ ሐኪም ነበሩ (የደም ዝውውርን ከገለጹት የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሃርቪ ጋር ስማቸው አንድ ቢሆንም ሌላ ሰው ናቸው)። ቀደም ሲል ወደ ፓሪስ ሄደው ታላቁ ፈረንሳዊ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ክሎድ በርናር ጉበት ከስኳር ጋር ስላለው ግንኙነት ሲያስተምሩ ሰምተው ነበር። በዚያ ዘመን የስኳር ሕመምተኞች ሥጋ በሚበዛበት ምግብ ሽንታቸው ውስጥ ያለው ስኳር እንደሚቀንስ ይታወቅ ነበር። ሃርቪም ስኳርና ስታርች ያለባቸውን ምግቦች መቀነስ ለውፍረትም ይበጅ ይሆናል ብለው አሰቡ። የባንቲንግ ጆሮ የደከመው በውፍረታቸው ሳቢያ ነው የሚል ግምትም ነበራቸው።

ሃርቪ የከለከሏቸው ምግቦች ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ናቸው። ባንቲንግ እስከዚያ ድረስ ሲመገቡ የኖሩት ደግሞ በአብዛኛው እነዚህኑ ነበር፤ ጠዋት ብዙ ወተትና ስኳር የገባበት ሻይ በቅቤ ከተቀባ ዳቦ ጋር፣ ምሳ ላይ ከሥጋው ጋር ብዙ ዳቦና ቢራ፣ ከሰዓት በኋላ እንደ ቁርሱ ያለ ሻይ፣ ማታ ጣፋጭ ወይም ዳቦ በወተት። በአዲሱ ማዕድ ቁርሳቸው ከ110 እስከ 140 ግራም የሚሆን የበሬ ወይም የበግ ሥጋ፣ ኩላሊት ወይም የተጠበሰ ዓሣ ሆነ፤ ከዚህ ጋር ያለ ወተትና ያለ ስኳር ሻይና 30 ግራም የማይሞላ ደረቅ ዳቦ። ለምሳ ሥጋ፣ ዶሮ ወይም ዓሣ፣ ከድንች በስተቀር ማንኛውም አትክልት፣ ጥቂት ፍራፍሬ። ማታም ጥቂት ሥጋ ወይም ዓሣ።

ዛሬ አንባቢን የሚያስገርመው የመጠጡ ነገር ነው። ቢራ የተከለከለው ሰው በየምሳው ሁለት ሦስት ብርጭቆ ወይን፣ ማታም ተጨማሪ አንድ ሁለት እንዲጠጣ ተፈቅዶለታል። ይህን ዛሬ የሚመክር ሐኪም አይገኝም። በሌላ በኩል ዳቦው ጨርሶ አልተከለከለም፤ የተመጠነ ነው። ስለዚህ የባንቲንግ ማዕድ ካርቦሃይድሬትን ፈጽሞ ካስወገዱት የኋለኛው ዘመን ዘዴዎች ለዘብ ያለ ነበር። ጠቅላላው የምግብ መጠንም ከቀድሞው የቀነሰ ስለሚመስል፣ የከሱት ስታርች በመተዋቸው ብቻ ነው ወይስ በአጠቃላይ ትንሽ በመብላታቸው የሚለው ጥያቄ ከእሳቸው ታሪክ ብቻ ሊመለስ አይችልም።

ባንቲንግ ክብደታቸውን በየጥቂት ሳምንቱ እየለኩ መዘገቡ። በኦገስት 1862 ከነበሩበት 202 ፓውንድ በኦገስት 1863 ወደ 156 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 71 ኪሎ ወረዱ። ወገባቸው ከ12 ኢንች በላይ ጠበበ። ደረጃውን ፊታቸውን አዙረው እንደማንኛውም ሰው መውረድ ቻሉ፤ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማሰርም ጀመሩ። ጆሯቸውም ተሻላቸው።

መጽሐፏና ደብዳቤዎቹ

ባንቲንግ ያገኙትን መፍትሔ ለታዋቂው የሕክምና መጽሔት ለላንሴት ለመላክ አስበው ነበር፤ ነገር ግን ስም የሌለው ተራ ሰው የጻፈውን አይቀበሉም ብለው ተዉት። በምትኩ በ1863 ስለ ውፍረት ለሕዝብ የተጻፈ ደብዳቤ የሚል ትርጉም ያለው ርእስ ሰጥተው ራሳቸው አሳተሙት። የመጀመሪያዎቹ እትሞች በነጻ ታደሉ። ፈላጊው ስለበዛ ሦስተኛው እትም ለሽያጭ ቀረበ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም መጽሐፏ በአሥር ሺዎች ተሰራጨች። ከሽያጩ የተገኘውን ትርፍ ለበጎ አድራጎት ሰጡ። መጀመሪያ ላይ የሐኪማቸውን ስም አልጠቀሱም ነበር፤ በኋላ ግን አንባቢዎች ሐኪሙን ለማወቅ ስለፈለጉ ሃርቪን በስም ጠሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከራሷ ከመጽሐፏ ባልተናነሰ ትኩረት የሚገባው ነው። ደብዳቤ ከየአቅጣጫው ይጎርፍላቸው ጀመር። ጻፊዎቹ ማዕዱን የሞከሩ ሰዎች ሲሆኑ ስንት ፓውንድ እንደቀነሱ፣ የቱ ምግብ እንደቸገራቸው፣ ምን እንደተሻላቸው ይነግሯቸዋል፤ ይጠይቋቸዋልም። አዛውንቱ ይመልሱላቸው ነበር። ከደብዳቤዎቹ የተወሰኑትን በኋለኞቹ እትሞች ውስጥ ስላካተቱ፣ በአንዱ የእንግሊዝ ጥግ ብቻውን የሚታገል ሰው በሌላው ጥግ እንደሱ ያለ መኖሩን ያነብ ነበር። ባንቲንግ ሐኪም ነኝ አላሉም፤ ማዕዱን የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን እንዲያማክር መክረዋል። የሰጡት ነገር የራሳቸውን የክብደት ሰንጠረዥና ያላፈሩበትን ታሪካቸውን ነው።

የሐኪሞች ተቃውሞ

ሐኪሞች መጽሐፏን በደስታ አልተቀበሏትም። አንዳንዶቹ አዲስ ነገር የለባትም አሉ፤ ሌሎቹ ሐኪም ያልሆነ ሰው ስለ ሕክምና መጻፉን ነቀፉ። ብላክውድስ የተባለው መጽሔትም በ1864 ተሳለቀባቸው። ሃርቪም ከሙያ ባልደረቦቻቸው ትችት አላመለጡም፤ በ1872 ሐሳባቸውን የሚያብራራ የራሳቸውን መጽሐፍ አሳተሙ። ከተቃውሞው ውስጥ እውነት ያለው ነበር፦ የአንድ ሰው ልምድ ማስረጃ አይሆንም፣ ዘዴው ለምን እንደሚሠራም ያኔ በአጥጋቢ ሁኔታ አልተገለጸም። ይሁን እንጂ ለ30 ዓመት መፍትሔ ያጣላቸው ሙያ መፍትሔ ሲያገኙ በመናገራቸው መቆጣቱ ፍትሐዊ አይመስልም።

ባንቲንግ የቀነሱትን ክብደት መልሰው አልጨመሩም። በ1869 አራተኛውን እትም አወጡ። በ81 ዓመታቸው በለንደን አርፈው በብሮምፕተን መካነ መቃብር ተቀበሩ።

ከሞቱ በኋላ

ስማቸው ገና በሕይወት ሳሉ በእንግሊዝኛ ግሥ ሆኖ ነበር። በስዊድን ቋንቋ ደግሞ እስከ ዛሬ ክብደት ለመቀነስ ምግብ መቆጣጠርን የሚያመለክተው የተለመደው ግሥ ባንታ ነው፤ ብዙዎቹ ተናጋሪዎች ቃሉ የአንድ እንግሊዛዊ ቀብር አዘጋጅ ስም መሆኑን ሳያስቡት ይጠቀሙበታል። በደቡብ አፍሪካ ፕሮፌሰር ቲም ኖክስ በ2013 ከሌሎች ጋር ባወጡት መጽሐፍ አማካይነት ስሙ እንደገና ገነነ፤ ባንቲንግ የሚባሉ፣ አባላት ማዕዳቸውንና ክብደታቸውን እየተነጋገሩ የሚበረታቱባቸው ቡድኖችም ተበራከቱ። የኋለኛው ማዕድ ከሃርቪው ይልቅ ካርቦሃይድሬትን አጥብቆ ይቀንሳል፤ ቅባትንም በብዛት ይፈቅዳል። ኖክስም እንደ ባንቲንግ ከሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር ተጋጭተዋል።

ጥያቄው በዘመናዊ ጥናት በተደጋጋሚ ተፈትሿል። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ጥናት 609 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ካርቦሃይድሬት፣ ግማሾቹ ቅባት እንዲቀንሱ ተደረገ። ከ12 ወር በኋላ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 6 ኪሎ፣ የኋለኞቹ 5.3 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱ ትርጉም ያለው አልነበረም። ሁለቱም ወገኖች በዓመቱ ውስጥ በትንንሽ ቡድን ሆነው 22 ጊዜ ለትምህርት ተሰብስበዋል።

ማዕዱ በኢትዮጵያ ደጋ

ባንቲንግ አዲሱን ማዕድ በጀመሩ በሁለተኛው ወር ገደማ፣ በኦክቶበር 1862፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለዓመታት መልስ ያላገኘውን ዝነኛ ደብዳቤያቸውን ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። መጽሐፏ በወጣችበት በ1855 ዓ.ም. ደብረ ታቦር የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ነበረች።

የለንደኑ ማዕድ በዚያ ደጋ እንዳለ ሊሠራ አይችልም። የደቡብ ጎንደር ሰው የዕለት ምግብ ከጤፍና ከገብስ የሚጋገር እንጀራ፣ ቆሎ፣ ድንችና ባቄላ ነው፤ መጠጡም የገብስ ጠላ። ሃርቪ ከከለከሉት ዝርዝር አብዛኛው ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ጾሙ አለ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን የዓመቱን ግማሽ ገደማ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ሳይቀምስ ስለሚያሳልፍ የባንቲንግ ማዕድ በየረቡዑና በየዓርቡ ይቋረጣል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ለ55 ቀን። በጾም ወራት የሚቀረው መንገድ እንጀራውን አሳንሶ ጎመኑንና ምስሩን ማብዛት ነው፤ ጥራጥሬም ስታርች እንዳለው ሳይረሳ። የስኳር ሕመም መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን በጾምም ሆነ በፍስክ ምግቡን በድንገት ቢቀንስ የደሙ ስኳር ከመጠን በታች ሊወርድ ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል።

ዛሬ በደብረ ታቦር ዙሪያ በብዛት የሚመረተው ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1858 ገደማ በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በቪልሄልም ሺምፐር አማካይነት እንደሆነ ይነገራል። ይህም ሃርቪ ባንቲንግን ድንች ከመከልከላቸው ከአራት ዓመት በፊት ነው።